ፒኤች 3 የሆኑ ሁለት ምንጮች፦ ከማዕድን ክምር የሚወጣን አሲድ ቆጥሮ ማከም

ከሁለት የማዕድን ክምሮች (ማዕድን ሲቆፈር ከተጣለ ድንጋይ) ሥር ሁለት ምንጮች ይፈልቃሉ እንበል። ፒኤች ሜትሩ (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ሁለቱም ጋ 3 ያነባል። የመጀመሪያው በሴኮንድ 1 ሊትር የሚፈስ፣ ብረት የሌለበት ውሃ ስለሆነ በቀን ጥቂት ኪሎ ኖራ ይበቃዋል። ሁለተኛው ግን በቀን ግማሽ ቶን የሚጠጋ ኖራ ይበላል፤ ከዚያም ብርቱካንማ ዝቃጩን የምታስቀምጡበት ቦታ ያሳጣችኋል። ይህን ልዩነት ፒኤች አይናገርም። ያለው በሟሟው ብረት፣ አልሙኒየምና ማንጋኒዝ ላይ፣ እንዲሁም በፍሰቱ መጠን ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከኖራ ግዢ ሳይሆን ከቆጠራ ነው፤ ሳይቆጥሩ ኖራ መበተን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

አሲዱ ከየት ይመጣል

መነሻው ፓይራይት ነው፤ ብረትና ድኝ የተጣመሩበት፣ ወርቅ የሚመስል ማዕድን። ከመሬት በታች አየር እስካላገኘው ድረስ እንዳለ ይኖራል። ተቆፍሮና ተሰባብሮ አየርና እርጥበት ሲነካው ግን ድኙ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፣ ብረቱም ይሟሟል። መጀመሪያ የሚሟሟው ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው ብረት ነው፤ እዚህ ባለሁለት ብረት እንበለው። እሱ ኦክስጅን ሲያገኝ ባለሦስት ብረት ይሆናል። ይህ ለውጥ በአሲዳማ ውሃ ውስጥ በራሱ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ነገር ግን ፒኤች ከ4 በታች ሲወርድ አሲዲቲዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባና ለውጡን እስከ 1 ሚሊዮን እጥፍ ያፈጥነዋል። ባለሦስቱ ብረት ደግሞ ተመልሶ ፓይራይቱን ያጠቃል፤ ለዚህ ኦክስጅን እንኳ አያስፈልገውም። አንዴ የተለኮሰ ክምር በራሱ የሚነደው በዚህ ዙር ምክንያት ነው። በካሊፎርኒያ አይረን ማውንቴን ማዕድን ውስጥ የተለካው ፒኤች ከዜሮ በታች፣ −3.6 ነበር።

ድንጋዩ ከመቆፈሩ በፊት

ርካሹ ሕክምና አሲድ የሚያመነጨውን ድንጋይ ቀድሞ ማወቅ ነው። የመጀመሪያው ሒሳብ ቀላል ነው፦ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን የሰልፋይድ ድኝ (እንደ ፓይራይት ከብረት ጋር የተጣመረውን) በመቶ በ31.25 ማባዛት። የሚወጣው ቁጥር አንድ ቶን ድንጋይ የሚያመነጨውን አሲድ ለማርከስ ስንት ኪሎ ካልሲየም ካርቦኔት እንደሚያስፈልግ ይነግራል። ከዚያ ድንጋዩ ራሱ ያለው የማርከስ አቅም ይለካና አቅሙ ለአሲዱ ይካፈላል። ውጤቱ ከ1 በታች ከሆነ ድንጋዩ አሲድ ያመነጫል፤ ከ2 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም፤ በመካከል ያለው አጠራጣሪ ነው። ለምሳሌ 0.8 በመቶ ድኝ ያለው ድንጋይ 25 ኪሎ ይፈልጋል። የማርከስ አቅሙ 40 ከሆነ ጥምርታው 1.6 ነው፤ እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት አይቻልም፣ ከታች የሚመጣውን ረጅሙን ፈተና ይጠብቃል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ጠቅላላ ድኝን መጠቀም ነው፤ በጂፕሰም መልክ ያለው ድኝ አሲድ አይሰጥም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ያለ አግባብ ያሳብጠዋል። ሁለተኛውና የከፋው ሲደራይት የሚባለው የብረት ካርቦኔት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ አሲድ ሲጨመርበት እንደ ጥሩ ካርቦኔት ይፈላል፣ የማርከስ አቅምም ተብሎ ይመዘገባል። ሜዳ ላይ ግን የሚለቀው ብረት ሲዝግ የበላውን አሲድ መልሶ ይተፋል። ሲደራይት በሚጠረጠርበት ድንጋይ ላይ ከመለካቱ በፊት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጨምሮ ብረቱን አስቀድሞ ማዛግ ግድ ነው።

ለፈጣን ማረጋገጫ የፐሮክሳይድ ፈተና አለ። ከ75 ማይክሮን በታች የተፈጨ 2.5 ግራም ናሙና በ250 ሚሊ ሊትር፣ 15 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ውስጥ ያድራል፤ በማግስቱ አረፋው እስኪቆም በቀስታ ይሞቅና ሲቀዘቅዝ ፒኤቹ ይለካል። ከ4.5 በታች ከሆነ ድንጋዩ አሲድ ፈጣሪ ተብሎ ይመደባል። ትልቅ ዕቃ ተጠቀሙ፤ ሰልፋይድ የበዛበት ናሙና ገንፍሎ ይወጣል። ድኙ ከ1 በመቶ በላይ ሲሆን ወይም መዳብ ሲኖርበት ፐሮክሳይዱ ሥራውን ሳይጨርስ ይሞታል፤ ያኔ ያንኑ ናሙና ደጋግሞ በአዲስ ፐሮክሳይድ ማከም ያስፈልጋል። ኦርጋኒክ ካርቦን ያለበት ድንጋይ ደግሞ የሌለ አሲድ ያሳያል።

ረጅሙ ፈተና 1 ኪሎ የተሰበረ ድንጋይ በሲሊንደር ውስጥ 3 ቀን በደረቅ፣ 3 ቀን በእርጥብ አየር አቆይቶ በ7ኛው ቀን በግማሽ ወይም በ1 ሊትር ውሃ ማጠብ ነው፤ ይህ ቢያንስ ለ20 ሳምንት ይደጋገማል። በ20ኛው ሳምንት ፒኤቹ 7 ስለሆነ ድንጋዩ ደህና ነው ማለት ግን አይቻልም። በየሳምንቱ የሚታጠበውን ካልሲየም (ካርቦኔቱ ሲሟሟ የሚወጣውን) እና ሰልፌት (ሰልፋይዱ ሲዝግ የሚወጣውን) ለየብቻ ደምሩ፤ ካርቦኔቱ ከሰልፋይዱ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ አሲዱ በ60ኛው ወይም በ100ኛው ሳምንት ይመጣል።

አየሩን መዝጋት

ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ከ8 እስከ 9 ሚሊ ግራም በሊትር ብቻ ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨውም በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ከወፍጮ የወጣ ትኩስ ቅሪት በውሃ ሥር ቢቀመጥ ፓይራይቱ ተኝቶ የሚቀረው ለዚህ ነው። ማዕበል እንዳይቀሰቅሰው ቢያንስ 1 ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ትልቁ ስሕተት ለዓመታት አየር ላይ የቆየ ክምርን እንዲሁ በውሃ መሙላት ነው። በድንጋዩ ላይ የተከማቸው የሰልፌት ጨው በአንድ ጊዜ ይሟሟና ውሃው ከበፊቱ ይብሳል። በእንግሊዝ ኮርንዎል የዊል ጄን ማዕድን በ1991 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ ፓምፖቹ ከቆሙ በኋላ ውሃው ወደ ላይ ሞላ፤ በ1992 መጀመሪያ ፈንድቶ ሲወጣ የፋል ወንዝን አፍ ብርቱካንማ አደረገው። የዛገ ክምር ከመጥለቁ በፊት ኖራ መቀላቀል አለበት።

ውሃ በማይገኝበት ቦታ ክዳን ይሠራል። የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥር ይገባበታል፣ እንስሳ ይቦረቡረዋል፤ ስለዚህ በላዩ ወፍራም መከላከያ አፈር ይፈልጋል። የተሻለው መላ ደቃቅ አፈርን በሁለት የጠጠር ንብርብሮች መካከል ማስቀመጥ ነው። ጠጠሩ ውሃውን ወደ ታች ስለማይስበው ደቃቁ አፈር እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ቀዳዳዎቹ ከ85 በመቶ በላይ በውሃ ከተሞሉ ኦክስጅን የሚያልፈው በጭንቅ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የክምሩ አሠራር ነው። ገልባጭ መኪና ከጫፍ ላይ ሲደፋ ትልልቁ ድንጋይ ተንከባሎ ከሥር ይሰበሰባል፤ ያ የድንጋይ ንብርብር እንደ ምድጃ አፍ አየር ይስባል። ፓይራይት ሲዝግ ሙቀት ይሰጣል፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሥር አዲስ አየር ይገባል። በቀዝቃዛ ጠዋት ከክምር አናት ላይ እንፋሎት ካያችሁ ምድጃው ተቀጣጥሏል። ከ1 እስከ 2 ሜትር በሚሆን ንብርብር እያነጠፉ መጠቅጠቅ ወጪው ይጨምራል፣ ግን ከክዳን ይቀድማል። በአሲዳማ ድንጋይ መካከል የኖራ ድንጋይ ንብርብር ማስገባትን ግን አላምንበትም፤ ውሃ የራሱን መንገድ ይመርጣል፣ ትልልቁም የኖራ ድንጋይ በዝገት ተሸፍኖ ሥራ ያቆማል። ከገባ ደቅቆ፣ ከድንጋዩ ጋር ተለውሶ መሆን አለበት።

ከላይ በኩል የሚመጣ ንጹሕ ጎርፍን በቦይ ማዞር ደግሞ ማንም ሊሠራው የሚችል፣ የሚታከመውን ውሃ በቀጥታ የሚቀንስ ሥራ ነው።

ውሃውን መቁጠር

ፍሰትን በባልዲና በሰዓት መለካት ለትንሽ ምንጭ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሆነው 90 ዲግሪ ሆኖ የተቆረጠ የቪ ቅርጽ መግቻ (ውሃው በቪው ውስጥ የሚያልፍበት ትንሽ ግድብ) ተጠቀሙ፤ ፍሰቱ በሴኮንድ በሜትር ኩብ፣ 1.38 ሲባዛ በሜትር በተለካው ከፍታ 2.5 ኃይል ነው። ውሃው ከቪው ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ከተነሣ 4.4 ሊትር በሴኮንድ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ከተነሣ 25 ሊትር ገደማ ይሆናል። ከፍታውን መቁረጫው ላይ አትለኩ፤ ውሃው እዚያ ይጎነበሳል። የከፍታውን አራት እጥፍ ያህል ወደ ኋላ ራቁ። አንድ ጊዜ ተለክቶ የተሠራ ማከሚያ በመጀመሪያው ዝናብ ይጥለቀለቃል፤ የተሟላ ዓመት ይለካ።

ናሙና በሁለት ጠርሙስ ይወሰዳል። አንዱ እስከ አፉ ሞልቶ ሳይጣራ ይዘጋል፤ ለአሲድነት፣ ለአልካሊነት (ውሃው አሲድ የማርከስ አቅሙ) እና ለሰልፌት ነው። ሁለተኛው በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አልፎ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ይወርዳል፤ ለብረታ ብረቶቹ ነው። ፒኤችና ባለሁለት ብረት እዚያው ሜዳ ላይ ይለካሉ። ከመሬት ሥር ፒኤች 6 ሆኖ፣ ጥርት ብሎ የወጣ ውሃ በመኪና ተጭኖ ላቦራቶሪ ሲደርስ ፒኤች 3 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ባለሁለቱ ብረት በመንገድ ላይ ዝጎ የደበቀውን አሲድ አውጥቷል።

አሲድነቱ እንዲህ ይሰላል፤ ሁሉም በሚሊ ግራም በሊትር ነው። ባለሁለት ብረትን በ56 አካፍሎ በ2 ማባዛት፤ ባለሦስት ብረትን በ56 አካፍሎ በ3፤ አልሙኒየምን በ27 አካፍሎ በ3፤ ማንጋኒዝን በ55 አካፍሎ በ2፤ በመጨረሻ ከፒኤቹ የሚገኘውን የሃይድሮጅን መጠን በሚሊ ሞል በሊትር (ፒኤች 3 ሲሆን 1) መደመር። ድምሩ በ50 ሲባዛ በካልሲየም ካርቦኔት የተለካ አሲድነት ይወጣል።

ያንን ሁለተኛውን ምንጭ እንውሰድ፦ ፒኤች 3፣ ባለሁለት ብረት 112፣ ባለሦስት ብረት 56፣ አልሙኒየም 27፣ ማንጋኒዝ 11፣ ፍሰት 10 ሊትር በሴኮንድ። 4 ሲደመር 3 ሲደመር 3 ሲደመር 0.4 ሲደመር 1፣ ድምሩ 11.4 ነው፤ በ50 ሲባዛ 570 ሚሊ ግራም በሊትር። ከዚህ ሁሉ ፒኤቹ ያዋጣው 50 ብቻ ነው፤ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በቀን 864 ሜትር ኩብ ስለሚፈስ የአሲድነት ጭነቱ በቀን 492 ኪሎ ነው። ውሃ የጠጣ ኖራ ለመጠቀም በ0.74፣ ያልጠጣ ኖራ በ0.56፣ ኮስቲክ ሶዳ በ0.8 ይባዛል። ውሃ የጠጣው ኖራ 364 ኪሎ ይሆናል፤ ንጽሕናው 90 በመቶ፣ የሚሠራውም 90 በመቶው ከሆነ 450 ኪሎ በቀን ይዘዝ።

በኖራ ማከም

ከኖራው በፊት አየር። ከመሬት ሥር የሚወጣ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያዘለ ነው፤ ይህ ጋዝ ካልተነፈሰ ኖራ በከንቱ ይበላል። በደረጃ ላይ ማንደርደር ወይም አየር መንፋት ብዙ ኖራ ያድናል። አየሩ ለብረቱም ያስፈልጋል፦ 1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን 7 ሚሊ ግራም ባለሁለት ብረት ያዝጋል። በአየር የጠገበ ውሃ እንኳ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ከማዛግ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አየር ደጋግሞ ማስገባት ነው።

እያንዳንዱ ብረታ ብረት ጠጣር ሆኖ የሚወርድበት ፒኤች አለው። ባለሦስት ብረት ከ3.5 ጀምሮ፣ አልሙኒየም ከ5 አካባቢ፣ መዳብ ከ6 እስከ 7፣ ባለሁለት ብረት 8.5 አካባቢ፣ ዚንክ 9 አካባቢ፣ ማንጋኒዝ ወደ 10 ሲጠጋ ይወርዳል። ችግሩ አልሙኒየም ከ9 በላይ ተመልሶ መሟሟቱ ነው። ማንጋኒዝን አሳዶ ፒኤቹን 10 ያደረሰ ሰው መውጫው ላይ አልሙኒየም ያገኛል፤ ሁለቱ ካሉ በሁለት ደረጃ ማከምና በመካከል ዝቃጩን መለየት ይሻላል።

ያልጠጣ ኖራ ሲርስ ይፈላል። ከ3 እስከ 4 እጥፍ ውሃ ሰጥቶ ሙቀቱን 80 ዲግሪ አካባቢ መያዝ ደቃቅ ኖራ ይሰጣል። ቀዝቃዛና የበዛ ውሃ ያሻክረዋል፤ ሰልፌት ያለበትን ውሃ ለዚህ መጠቀምም እንዲሁ፤ የሻከረ ኖራ ደግሞ ሳይሠራ ከዝቃጩ ጋር ይሄዳል። የኖራ ወተቱ የሚሄድበት ቧንቧ እየዞረ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስ፣ ወተቱ የሚቆምበት ቅርንጫፍ የሌለው ይሁን፤ ያቆማችሁት ቦታ ሁሉ ድንጋይ ይሆናል። ፒኤች የሚለካው ዘንግ በቀናት ውስጥ በጂፕሰምና በዝገት ስለሚሸፈን በቀጭን አሲድ ይታጠብ። የተሸፈነ ዘንግ ዘግይቶ ስለሚያነብ መሣሪያው ኖራውን ከልክ በላይ ይለቃል።

አሁን ወደ ዝቃጩ። በምሳሌያችን ውሃ ብረቱ፣ አልሙኒየሙና ማንጋኒዙ ሃይድሮክሳይድ ሲሆኑ በሊትር 417 ሚሊ ግራም፣ በቀን 360 ኪሎ ደረቅ ዝቃጭ ይሰጣሉ። ግን ደረቅ ሆኖ አይመጣም። ተራ አሠራር 3 በመቶ ጠጣር ያለው ጭቃ ይሰጣል፤ ይህም በቀን 12 ሜትር ኩብ ነው። ጠጣሩ 25 በመቶ ቢሆን 1.2 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነበር። ከ12 ወደ 1.2 የሚያወርደው የኖራው መግቢያ ቦታ ነው። ከማዝቀጫው ሥር የሚመለሰው ዝቃጭ መጀመሪያ በትንሽ ጋን ውስጥ ከኖራው ጋር ለጥቂት ደቂቃ ይለወሳል፣ ከዚያ ነው አሲዳማው ውሃ የሚያገኘው። ኖራው በአሮጌዎቹ ቅንጣቶች ላይ ስለተቀባ አዲሱ ብረት እዚያው ላይ ያድጋል፤ ቅንጣቱ ይከብዳል፣ ውሃ አይዝም። ዝቃጩን በአንድ ቧንቧ ኖራውን በሌላ ቧንቧ ወደ ዋናው ጋን የሚያስገቡ ብዙ ናቸው፤ ያ ዝቃጭ ማዞር ብቻ ነው፣ ጥግግት አያመጣም። የሚመለሰው ጠጣር በየጊዜው ከሚፈጠረው አዲስ ጠጣር 20 እጥፍ ያህል ይሁን። ማያያዣው ፖሊመር በሊትር ጥቂት ሚሊ ግራም ሆኖ ከዋናው ጋን በኋላ፣ ማማሰሉ ለስለስ ባለበት ይጨመር፤ ኃይለኛ ማማሰያ የተያያዘውን ይበጥሰዋል።

ያለ ፓምፕና ያለ ሰው

በተፈጥሮ ፍሰት የሚሠሩ ማከሚያዎች ደስ ይላሉ፣ ግን ልካቸውን ማወቅ ነው። በቀን ከ100 እስከ 150 ኪሎ በላይ አሲድነት ከሆነ ባታስቡት ይሻላል። ከኮምፖስትና ከኖራ ድንጋይ የተሠራ፣ ውሃው ከላይ ወደ ታች የሚሰርግበት ኩሬ በ1 ሜትር ካሬ በቀን 25 ግራም ገደማ አሲድነት ይይዛል፤ ለ492 ኪሎ ወደ 2 ሄክታር ይፈልጋል። አልሙኒየም ያለበት ውሃ ደግሞ የኖራ ድንጋዩን በነጭ ዝልግልግ ይደፍነዋል፤ ከሥር በኩል በየጊዜው በኃይል የሚከፈት ማጠቢያ ቧንቧ ከሌለው ኩሬው ሁለት ሦስት ዓመት አይዘልቅም።

አየር አልባ የኖራ ድንጋይ ቦይ ለአንድ ዓይነት ውሃ ብቻ ነው፦ ኦክስጅን፣ ባለሦስት ብረትና አልሙኒየም እያንዳንዳቸው ከ1 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ለሆኑበት። ለእንዲህ ያለ ውሃ ግን የሚደርስበት የለም። ውሃው በድንጋዩ መካከል 15 ሰዓት ይቆይ። 1 ሊትር በሴኮንድ ለሚፈስ ምንጭ ይህን ቆይታ ለመስጠት 176 ቶን የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ በ20 ዓመት ውስጥ የሚሟሟውን ለመተካት፣ በሊትር 250 ሚሊ ግራም አልካሊነት ይሰጣል ብለን፣ 90 በመቶ ንጹሕ ከሆነ ድንጋይ ሌላ 175 ቶን ይጨመራል። በድምሩ 350 ቶን፣ በፕላስቲክ ንጣፍና በአፈር ታትሞ የተቀበረ። ሁለተኛውን ቁጥር የሚዘሉት በ20ኛው ዓመት የቆይታ ሰዓቱ ጎድሎ ያገኙታል።

ከቦይው የወጣው ውሃ አየር አግኝቶ ብረቱን በረግረግ ውስጥ ይጥላል። በ1 ሜትር ካሬ በቀን ከ10 እስከ 20 ግራም ብረት አስቡ፤ 60 ሚሊ ግራም ብረት ያለበት 1 ሊትር በሴኮንድ በቀን 5.2 ኪሎ ብረት ነውና ከ260 እስከ 520 ሜትር ካሬ ረግረግ ይበቃዋል። ዳገታማ ቦታ ካለ ክፍት የኖራ ድንጋይ ቦይ ይቻላል፣ ግን ቁልቁለቱ ከ10 በመቶ በላይ ካልሆነ ዝገቱ ድንጋዩን ሸፍኖ ይቀራል።

ዚንክና መዳብ ሲኖሩ ሰልፌትን የሚቀንሱ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ጉድጓድ ይሠራል፤ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ጥቂት ገለባ፣ ፍግና ሲሶ ያህል የኖራ ድንጋይ። ሰጋቱራ አታብዙበት፣ ተጣብቆ ውሃ አያሳልፍም። በ1 ሜትር ኩብ በቀን 0.3 ሞል ሰልፌት መቀነስ የተለመደው የንድፍ ቁጥር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቡናማ፣ ኦክስጅን የሚጨርስ ውሃ ይወጣዋል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝም ዝግ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ይገድላል። ማንም ብቻውን ወደ ውስጥ አይውረድ።

ሰልፌትና ዝቃጩ

ኖራ ሰልፌትን ከጂፕሰም መሟሟት በታች አያወርደውም፤ ጠንካራ ውሃ ከታከመ በኋላም በሊትር ከ1,500 እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ይቀራል። ፒኤቹ ተስተካክሎ፣ ብረቱ ወርዶ፣ ውሃው ጥርት ብሎ እያለ ለመጠጥም ለመስኖም የማይሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ በታች ለማውረድ አልሙኒየም ጨምሮ ኤትሪንጋይት የሚባለውን ማዕድን መፍጠር ወይም በሜምብሬን (እጅግ ደቃቅ በሆነ ስስ ማጣሪያ) ማጣራት አለ። በደቡብ አፍሪካ ኢማላህሌኒ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከሰል ማዕድን ውሃ በሜምብሬን ተጣርቶ ለመጠጥ ይውላል፤ ሜምብሬኑ ግን የተመረጠ ውሃ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ብረቱና አልሙኒየሙ ቀድመው ካልወጡ ይዘጋል።

ዝቃጩን መልሶ በአሲዳማው ክምር ላይ መድፋት በየቦታው የሚታይ ፈተና ነው፤ ቦታ ቅርብ ነውና። ፒኤቹ ሲወርድ መጀመሪያ ማንጋኒዙና ዚንኩ፣ ቀጥሎ መዳብና አልሙኒየሙ፣ ከ3.5 በታች ደግሞ ብረቱ ተመልሶ ይሟሟል፤ ያን ያህል ኖራ የተከፈለበት ብረታ ብረት በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና መግቢያው ላይ ይገኛል። ሥሩ በተነጠፈ፣ የራሱ ማፍሰሻ ባለው ጉድጓድ ውስጥ፣ ሳይሠራ የቀረው ኖራ ፒኤቹን ከ8 በላይ እንዲይዝለት ለብቻው ይቀመጥ። ማፍሰሻውም በየሦስት ወሩ ይለካ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ማንጋኒዝ ስለሆነ፣ ማንጋኒዝ መጨመር ሲጀምር ኖራው እያለቀ ነው።